ለጨረታው ስለ ተሰጡት ዕቃዎች
(ጨረታው ከመከፈቱ በፊት በአንድ ተማሪ የተደረገ ንግግር)



ለቤተ መጻሕፍታችን መደርደሪያ ማሠሪያ እንዲሆን የሰጣችሁን ዕቃ ሁሉ እነሆ በፊታችሁ ቀርቧል። ማርና ቅቤ፥ ጋቢ፥ ጀበና፥ ሁለት ዶሮዎችም አሉ። (ከእኔ ይልቅ የዶሮዎቹ ድምፅ ስለሚሰማ እነርሱ አስቀድመው ቢሸጡ ደስ ይለኛል።)

ስለ መሶቡ ግን ጥቂት ልናገር። ስንደዶውን በአክርማ እየጠቀለሉ በወስፌ የሰፉት የአንድ ተማሪ እናት ናቸው። ሥራው ወራት ፈጅቷል። ገንዘብ ስላልነበራቸው የእጃቸውን ሥራ ሰጡን።

በቤተ ክርስቲያን ጨረታ ያሸነፈው ሰው ብዙ ጊዜ ዕቃውን መልሶ ይሰጥና እንደ ገና ይጫረቱበታል። አንዱ ጃንጥላ ሦስት አራት ጊዜ ይሸጣል፤ ለገንዘቡ መልካም ዘዴ ነው። በማሩ እንዲሁ ብታደርጉ አንቃወምም። መሶቡን ያሸነፈ ግን እባኩን ወደ ቤቱ ይውሰድልን። እናቲቱ በመካከላችን አሉ፤ ማን እንደ ሆኑ አልናገርም። ሲመሽ መሶባቸው እዚሁ ጠረጴዛ ላይ ቀርቶ ቢያዩት፥ የተፈለገው ገንዘቡ ብቻ ነው ብለው ይሄዳሉ።

ዋጋው በጥቂት ብር ቢጀመርም ማንም እንዳይስቅ ጓደኞቼን እለምናለሁ።

አሁን ዶሮዎቹ ይምጡ።