የዘር እህሉን አንብላው

(በቀድሞ ተማሪዎች ማኅበር ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



ከዚህ ግቢ በሒሳብ አያያዝ የተመረቀ ሰው ስለ ፊልም ምን አገባው እንደምትሉ አውቃለሁ። እኔ ግን ነገሩ የሚጀምረው ከሒሳብ መዝገቡ ነው ባይ ነኝ። ሆሊውድ የድሮ ፊልሞቹን ደጋግሞ የሚሠራው ደራሲ ጠፍቶ አይደለም።

ዛሬ አንድ ትልቅ ፊልም ሁለት መቶ ሚሊዮን ዶላርና ከዚያም በላይ ይፈጃል። የማስታወቂያው ወጪ ሌላ ነው። ገንዘቡ የባለአክሲዮኖች፣ ፊልሙን የሚፈቅደው ኃላፊ ደግሞ ደመወዝተኛ ነው። አዲስ ታሪክ ፈቅዶ ቢከስር «ማን ሞክር አለህ?» ይባላል። የታወቀ ታሪክ ይዞ ቢከስር ግን መከራከሪያ አያጣም። በዚያ ላይ ሕዝቡ ስሙን ስለሚያውቀው የማስታወቂያው ሥራ ይቀልለታል። ዲዝኒ በፈረንጆቹ 1994 የሠራውን «ዘ ላየን ኪንግ» በ2019 ደግሞ ሠርቶ ከ1.6 ቢሊዮን ዶላር በላይ ገቢ አገኘ። እንዲህ ያለ ቁጥር ያየ ሰው እንዴት ብሎ አዲስ ይሞክር? ትኬት የቆረጥነው እኛም እኮ አለንበት።

እስቲ መዝገቡን ወደ ኋላ እንግለጠው። «ዘ ላየን ኪንግ» መጀመሪያ ሲሠራ ከኩባንያው ሠዓሊዎች ብዙዎቹ የመረጡት «ፖካሆንታስ»ን ነበር፤ የተሻለ ተስፋ የተጣለው በእሱ ላይ ነበርና። በ1937 የወጣው «ስኖው ዋይት» ደግሞ ገና ሲሠራ «የዲዝኒ ቂልነት» የሚል ስም ወጥቶለት ነበር። ዋልት ዲዝኒ ቤቱን አስይዞ ተበደረ። በፊልሙ ትርፍም ኩባንያው ቡርባንክ ከተማ አዲስ ስቱዲዮ ገነባ። በ2025 ያው ታሪክ ከሁለት መቶ ሚሊዮን ዶላር በላይ ወጥቶበት እንደገና ሲሠራ የሲኒማ ቤት ገቢው ወጪውን እንኳ አልሸፈነም።

ደግሞ መሥራት በራሱ ነውር አይደለም። አልፍሬድ ሂችኮክ የ1934 ፊልሙን ራሱ በ1956 ደግሞታል። ችግሩ ሌላ ነው። ዛሬ የሚታጨደው ትናንት በድፍረት የተዘራው ነው። ዘሩን የበላ ገበሬ ሰኔ ሲገባ ምን ይዘራል? ዛሬ አዲስ ካልተሞከረ ከሠላሳ ዓመት በኋላ የሚደገም ክላሲክ ከየት ይመጣል?

ለመዝራት ደግሞ የግድ ሰፊ ማሳ አያስፈልግም። በ2017 የወጣው «ጌት አውት» በ4.5 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ተሠርቶ ከ250 ሚሊዮን በላይ አስገብቷል። የእኛው ኃይሌ ገሪማም በ1993 «ሳንኮፋ»ን ሠርቶ አሜሪካ ውስጥ አከፋፋይ ሲያጣ፣ ሲኒማ ቤት ተከራይቶ ራሱ ለሕዝብ አሳየው።

በሆሊውድ ብቻ ግን አንፍረድ። የመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ ስንመርጥ ካቻምና ያለፈውን አይደል የምናየው? መምህሩም ላልተሞከረ ርዕስ ከመፈረም የታወቀውን ማጽደቅ ይቀለዋል። የፈራው ሁሉ የየራሱ ምክንያት አለው፤ ተደምሮ ግን ጎተራውን ባዶ ያደርገዋል።

ስለዚህ አንድ ሐሳብ ላቅርብ። ማኅበራችን ከሚሰበስበው መዋጮ ከአሥር እጅ አንዱ፣ ማንም ላልሞከረው የተማሪ ሥራ ይመደብ። ሊከስር ይችላል፤ ይክሰር። እኔ መዝገቡን ብይዝ ወጪውን የምጽፈው «ዘር» ብዬ ነው።