ቆራሌው የማይገዛው

አዲስ አበባ፣ ሳሪስ አቦ ሰፈር «ቆራሌው!» የሚል ድምፅ ሳይሰማ አይረፍድም። ሃይላንዱ፣ ካርቶኑ፣ የተሰነጠቀው ሳፋ በማዳበሪያ ታጭቆ ከበር ኋላ ይጠብቀዋል። «የእኛ ሰው ቆሻሻ መለየት አያውቅም» ሲባል የሚገርመኝ ለዚህ ነው። ገንዘብ የሚያወጣውን አሳምሮ ይለያል!

ግዴታውም አዲስ አይደለም። የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513/1999 መልሶ ጥቅም ላይ የሚውለውን ከሚጣለው የመለየቱን ኃላፊነት ያኔውኑ ለቤቱ ኃላፊ ሰጥቶ ነበር። እንዲህ ያለ አዋጅ ከፌዴራል ወደ ከተማ፣ ከክፍለ ከተማ ወደ ወረዳ ሲወርድ ግን መጨረሻ የሚደርሰው በር ለበር የምትዞር የጽዳት ማኅበር እጅ ላይ ነው። ጋሪዋ አንድ፣ ገንዳውም አንድ። ቤት ውስጥ የተለየው እዚያ ይደባለቃል። ማኅበራቱ ለብዙ ዓመት የሚከፈላቸው ባስረከቡት መጠን ነበርና፣ ልጣጩን ለይቶ ማስቀረት ከገዛ ገቢ መቀነስ ነው። ነዋሪውም የጽዳቱን ከውሃ ሂሳብ ጋር ይከፍላል፤ ለየም አልለየም ያው ነው።

ሻንጋይ እ.ኤ.አ. በ2019 ነዋሪዎቿን ቆሻሻ በአራት አስለየች፤ መጣያ ሰዓት ወሰነች፣ ተቆጣጣሪ አቆመች፣ እምቢ ያለውን ቀጣች። የብራዚሏ ኩሪቲባ እ.ኤ.አ. በ1991 የጀመረችው ግን ሌላ ነው፦ አራት ኪሎ ለይቶ ላመጣ አንድ ኪሎ አትክልት። ይቺኛዋ ትቀርበናለች፤ ልዋጭ እኮ ነው! ለሻንጋዩ መንገድ የሚሆን ተቆጣጣሪ ወረዳው ከየት ያመጣል?

የልዋጩ ችግር ግን፣ ከየቤታችን የሚወጣው አብዛኛው ቆሻሻ የማእድ ቤት ነው፤ የድንች ልጣጭ፣ የጎመን ግንድ፣ የቡና አተላ። ይህን ቆራሌው አይገዛም። መጋቢት 2 ቀን 2009 ተንዶ ከ110 በላይ ሰው የፈጀው የቆሼ የቆሻሻ ተራራ ሲቆለል የኖረው ከዚህ ሁሉ ጋር ነው። በ2010 ለተመረቀው ቆሻሻ አቃጣይ የረጲ የኃይል ማመንጫም እርጥብ ነገር አይመችም፤ እሳቱ መጀመሪያ ውሃውን ማድረቅ አለበት።

እኔ ብሆን ባለ ቀለም ቅርጫት ከመግዛቴ በፊት የክፍያውን ደንብ እነካ ነበር። ማኅበሯ ለብቻው ላመጣችው እርጥብ ቆሻሻ ከተደባለቀው የበለጠ ትከፈል። ከእርጥቡ ቆሻሻ የሚሠራውን ብስባሽ የሚፈልግ ከሳሪስ ሩቅ አይደለም፤ በአቃቂ ወንዝ ዳር ጎመንና ሰላጣ ሲያለሙ የኖሩ ገበሬዎች አሉ። ጠርሙስ ስባሪና የባትሪ ድንጋይ የተቀላቀለበትን ግን በነፃ ብትሰጧቸውም ማሳቸው ላይ አይበትኑትም፤ ስለዚህ መለየቱ ገንዳው ዘንድ ሳይሆን ከድንች መላጫው ሥር መጀመር አለበት።