ሳይቃጠል በቅጠል፦ ወጣቶቻችንና የእሳት አደጋ

(በማኅበራችን የኢዮቤልዩ በዓል ላይ ለአባላትና ለቤተሰቦቻቸው የቀረበ ንግግር)







በደስታ ቀን ስለ እሳት አደጋ መናገር የማይስማማ ሊመስል ይችላል። ይሁን እንጂ ኢዮቤልዩ ያለፉትን ዓመታት የምንቆጥርበት ብቻ ሳይሆን፣ ለልጆቻችን ምን ትተን እናልፋለን ብለን የምንጠያየቅበትም ጊዜ ነው። ቋንቋችንን፣ ባህላችንንና ሃይማኖታችንን እናስተምራቸው ሲባል ዘወትር እንሰማለን፤ ተገቢም ነው። እኔ ዛሬ በዚያ ላይ አንድ ነገር እንድንጨምር ልጠይቃችሁ ነው የቆምኩት። ይኸውም ልጆቻችን በየሠፈራቸው የእሳት አደጋን ለመከላከል በበጎ ፈቃድ የሚሠለጥኑበትን መንገድ እንድንከፍት ነው።

አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ይላሉ። እሳት ገና ሲጀምር በአንድ እፍኝ ቅጠል ይጠፋል፤ ከተቀጣጠለ በኋላ ግን ቦቴ ሙሉ ውሃም ላይበቃው ይችላል። የእሳት አደጋ መኪና የቱንም ያህል ቢፈጥን፣ የመጀመሪያዎቹ ጥቂት ደቂቃዎች በቤት ውስጥ ባለው ሰው እጅ ናቸው። በብዙዎቻችን ቤት ደግሞ በዚያ ሰዓት የሚገኘው ማን ነው? አባት ሥራ ላይ ነው፤ እናት ገበያ ወይም ሰው ቤት ናት። ቤት ያለው ከትምህርት ቤት የተመለሰው የ14 ወይም የ15 ዓመት ልጅ፣ ከታናናሾቹ ጋር ነው።

እስቲ አኗኗራችንን እንመልከት። ካርቱም ውስጥ ብዙዎቻችን የኖርነው በአንድ ሆሽ ውስጥ ከበርካታ ቤተሰብ ጋር ተጎራብተን ነው። በአንዱ ጥግ የጋዝ አንቡባ አለ፤ በሌላው ጥግ ለቡና የተቀጣጠለ ከሰል አለ። ከምንጣፍና ከሣር የተሠራ ራኩባ አለ። መብራት ሲጠፋ ሻማ ይበራል፤ አቅም ያለው ጄኔሬተር ያስነሳል፤ ቤንዚኑንም በጀሪካን እዚያው ያስቀምጣል። በዚህ ላይ ሀቡብ ከተነሣ፣ ከምድጃ የወጣች አንዲት ፍንጣሪ የት እንደምታርፍ ማንም አያውቅም። በዓመት በዓል ደግሞ ሁሉም ይበዛል፤ ዘይቱም፣ ከሰሉም፣ ሻማውም፣ በመካከል የሚሯሯጠው ሕፃንም።

በዚህች ከተማ እሳት ምን ሊያደርግ እንደሚችል ሁላችንም አይተናል። እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 3 ቀን 2019 በባሕሪ የኢንዱስትሪ አካባቢ በአንድ የሴራሚክ ፋብሪካ ውስጥ ጋዝ የጫነ ቦቴ ፈንድቶ 23 ሰዎች ሞቱ፤ ከ130 የሚበልጡ ቆሰሉ። ከሟቾቹ ብዙዎቹ እንደኛው እንጀራ ፍለጋ አገራቸውን ጥለው የመጡ ሕንዳውያን ሠራተኞች ነበሩ። የሱዳን መንግሥት በዚያን ጊዜ በሰጠው መግለጫ፣ በፋብሪካው አስፈላጊ የደኅንነት መሣሪያ እንዳልነበረና ተቀጣጣይ ነገሮችም በአግባቡ እንዳልተቀመጡ ገልጿል። ይህ ለፋብሪካ ብቻ የሚሠራ ትምህርት አይደለም። አንቡባን ከምድጃ አጠገብ፣ ቤንዚንን ከመኝታ ክፍል ማስቀመጥ በትንሹ ያው ስሕተት ነው።

በአገራችንም ቢሆን ተመሳሳይ ነገር አይተናል። ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. ምሽት በመርካቶ ሸማ ተራ እሳት ሲነሣ፣ የእሳት አደጋ ሠራተኞችን ካስቸገሩት ነገሮች አንዱ የመንገዱ ጥበት ነበር። በ2011 ዓ.ም. መጋቢትና ሚያዝያ የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ሲቃጠል ደግሞ፣ ከኬንያ ሄሊኮፕተር፣ ከእስራኤልም የእሳት አደጋ ባለሙያዎች መጥተው ነበር። እነርሱ እስኪደርሱ ድረስ ግን ያንን ገደል ወጥተው በቅጠልና በአፈር ከእሳቱ ጋር የታገሉት የፓርኩ ሠራተኞችና የአካባቢው ሕዝብ ናቸው። ቀድሞ የሚደርሰው ሁልጊዜ ጎረቤት ነው።

ወጣቶችን ለዚህ ማዘጋጀት አዲስ ነገር አይደለም። በጀርመን አገር አብዛኛው የእሳት አደጋ ሥራ የሚሠራው በበጎ ፈቃደኞች ሲሆን፣ በየከተማውና በየመንደሩ የወጣቶች ክፍል አለ። ብዙውን ጊዜ ከ10 ዓመት ጀምሮ ይመዘገባሉ፤ ቁጥራቸውም ከሩብ ሚሊዮን በላይ ነው። በአሜሪካም በብዙ ትናንሽ ከተሞች በአሥራዎቹ ዕድሜ ያሉ ልጆች «ጁኒየር» ተብለው ከእሳት አደጋ ጣቢያ ጋር ይሠለጥናሉ። የእነዚህ ልጆች ሥራ ምን እንደሆነ ልብ እንበል። ቱቦ መዘርጋትና መጠቅለል፣ መሣሪያ ማጽዳት፣ የመጀመሪያ ርዳታ መስጠት፣ ሕዝብን ማስተማር ይማራሉ። ወደሚነድ ቤት ግን አይገቡም። ሥልጠናው ድፍረትን በሥርዓት ማሰርንም ያስተምራቸዋል።

እዚሁ አጠገባችንም ትልቅ ምሳሌ አለ። ነጭ ዓባይና ጥቁር ዓባይ በሚገናኙበት ቦታ ያለችውን ቱቲን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ከኛ ተራሮች የሚወርደው ውሃ በየክረምቱ ሲሞላ የደሴቲቱ ሰዎች የመንግሥትን ርዳታ ብቻ ሲጠብቁ አልኖሩም። በዳርቻው ዙሪያ «ጣያ» የሚሉትን የጥበቃ ቦታ አዘጋጅተው በተራ ያድራሉ፤ ውሃው ሊያልፍ ሲል ይጣራሉ፤ ወጣቱ ተነሥቶ አፈር ይደለድላል። እ.ኤ.አ. በ1946 የደረሰውን ታላቅ ጎርፍ የመከቱት በዚህ ዓይነት ነው፤ በ2020ም ጎርፉ ካርቱምን ሲያስጨንቅ የቱቲ ወጣቶች በአሸዋ ከረጢት ሲከላከሉ ታይተዋል። ሱዳኖች ይህን መረዳዳት «ነፊር» ይሉታል። እኛ ደቦ፣ ጅጌ፣ ወንፈል እንላለን። ቃሉ ቢለያይም ነገሩ አንድ ነው።

ውድ ወገኖቼ፣

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ቀዳም ስዑር ነበረች። ክርስቲያኑ ለፋሲካ፣ ሙስሊሙ በረመዳን ጾም ላይ ሳለ የጦርነቱ ተኩስ ተከፈተ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ለእናንተ መተረክ አያስፈልገኝም። አንድ ነገር ግን ልጥቀስ። ሆስፒታል ሲዘጋ፣ አምቡላንስ ሲጠፋ፣ ሰው የሚበላው ሲያጣ በየሠፈሩ የተነሡት የሱዳን ወጣቶች ናቸው። «የአደጋ ጊዜ ክፍሎች» በሚል ስም ተደራጅተው በጋራ ድስት አበሰሉ፤ ቁስለኛ አነሡ፤ መድኃኒት አከፋፈሉ። ብዙዎቹም በዚሁ ሥራ ላይ ሳሉ ሕይወታቸውን አጥተዋል። እ.ኤ.አ. በ2025 ብዙዎች «አማራጭ ኖቤል» የሚሉትን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ተሸልመዋል። እነዚህ ወጣቶች ከኛ ልጆች ጋር በአንድ ሜዳ ኳስ የተጫወቱ ናቸው። የጎረቤት ልጅ ይህን ካደረገ፣ የኛም ልጅ ይችላል።

እንዲያውም ልጆቻችን ከኛ የሚበልጡበት አንድ ነገር አላቸው፤ ቋንቋ። ብዙዎቻችን አረብኛችን ለገበያ ይበቃ ይሆናል እንጂ በድንጋጤ ሰዓት አንደበታችን ይተሳሰራል። ልጆቻችን ግን በአረብኛ ያድጋሉ። መጣፊ፣ ማለትም የእሳት አደጋ ሠራተኛው፣ በስልክ የሚጠይቀው «የት ነው?» ብሎ ነው። በካርቱም ደግሞ ቤት የሚገኘው በቁጥር ሳይሆን በሠፈሩ፣ በመረብዑ፣ በቅርቡ ባለው መስጊድ ወይም ሱቅ ነው። ይህንን በአንድ ትንፋሽ አጥርቶ የሚናገር ልጅ በቤት ውስጥ ካለ፣ መኪናው መንገድ ሳይስት ይደርሳል።

ሌላም በግልጽ መነጋገር ያለብን ነገር አለ። በመካከላችን የመኖሪያ ወረቀት ስለሌለው ባለሥልጣን መጥራት የሚፈራ ወገን አለ። ሰው ፈርቶ ዝም ባለ ቁጥር እሳቱ ይሰፋል፤ የሚቃጠለውም የእርሱ ክፍል ብቻ አይሆንም። የሠለጠነ ወጣት ያለበት ሆሽ ግን የሚደውልለት ሰው አያጣም።

እንግዲህ ምን እናድርግ? የማቀርበው ሐሳብ ቀላልና ብዙ ገንዘብ የማይጠይቅ ነው።

አንደኛ፣ ዕድሜያቸው 14 ዓመት የሞላቸው ወንዶችና ሴቶች ልጆች በወላጅ ፈቃድ እንዲመዘገቡ ነው። ሴቶቹን ለይተን እንዳናስቀር አደራ እላለሁ፤ ከምድጃ አጠገብ በብዛት የሚገኙት እነርሱ ናቸው።

ሁለተኛ፣ ሥልጠናው በባለሙያ እንዲሰጥ ነው። የሱዳን ሲቪል መከላከያና ቀይ ጨረቃ ለዚህ የታወቁ ተቋማት ስለሆኑ፣ ማኅበራችን በደብዳቤ እንዲጠይቃቸው አሳስባለሁ።

ሦስተኛ፣ ልጆቹ የሚማሩት ነገር በቤታችን ለሚደርሰው አደጋ የሚስማማ እንዲሆን ነው። ዘይት በመጥበሻ ላይ ሲነድ ውሃ አይደፋበትም፤ ጋዙ ይዘጋል፣ መጥበሻው በክዳን ይታፈናል። የጋዝ ሽታ ካለ ክብሪት አይጫርም፣ መብራትም አይበራም አይጠፋም፤ አንቡባው ይዘጋል፣ በርና መስኮት ይከፈታል። ጋዝ ማፍሰሱን በሳሙና አረፋ እንጂ በእሳት አይፈትኑም። በኤሌክትሪክ የተነሣ እሳት ላይ ውሃ አይረጭም፤ መስመሩ መጀመሪያ ከዋናው ማጥፊያ ይቋረጣል። ልብሱ የተያያዘ ሰው አይሮጥም፤ መሬት ላይ ተኝቶ ይንከባለላል። ጭስ በሞላበት ክፍል ቆሞ ሳይሆን ዝቅ ብሎ፣ በጉልበት እየዳኹ ይወጣል። የተቃጠለ ገላ ለ20 ደቂቃ ያህል ንጹሕ ቀዝቃዛ ውሃ ይፈስበታል፤ ቅቤ፣ ሊጥና የጥርስ ሳሙና አይቀባም። በክረምቱ ብርድም ከሰል አቀጣጥሎ በር ዘግቶ መተኛት ገዳይ ነው፤ የሚገድለው ጋዝ ሽታም ቀለምም የለውምና።

አራተኛ፣ እ.ኤ.አ. በ2025 ነዋሪዎች ወደ ካርቱም መመለስ ከጀመሩ ወዲህ አንድ ተጨማሪ ትምህርት አስፈላጊ ሆኗል። በፍርስራሽና በቆሻሻ ክምር ውስጥ ያልፈነዳ ጥይትና ቦምብ ሊኖር ይችላል። ስለዚህ ልጆቻችን እንግዳ ብረት እንዳይነኩ፣ ማንም ሰው ቆሻሻ ሰብስቦ እንዳያቃጥል፣ አጠራጣሪ ነገር ሲታይ ራቅ ብለው ለትልቅ ሰው እንዲናገሩ ማስተማር አለብን።

አምስተኛ፣ በየሆሹ ሁለት ባልዲ አሸዋ ይቀመጥ። በካርቱም ሁሉም ነገር ቢወደድ አሸዋ አይወደድም። የአደጋ ጊዜ ስልክ ቁጥርና የሠፈሩ አድራሻ በአረብኛና በአማርኛ ተጽፎ በር ላይ ይለጠፍ። ቤተሰቡም ሲወጣ የሚገናኝበት አንድ ቦታ ይወሰን፤ እዚያ ደርሶ ሰው መቁጠር የወጣቱ ኃላፊነት ይሁን።

አሁን ወላጆች በልባችሁ የምታስቡትን ዐውቃለሁ። «ልጄን ከእሳት ሳርቅ ኖሬ፣ አሁን ወደ እሳት ልላከው?» ትላላችሁ። ጥያቄው ትክክል ነው። መልሱም አይላክም ነው። የወጣቱ ሥራ አራት ነው፦ ማስጠንቀቅ፣ ማስወጣት፣ መደወል፣ መቁጠር። እሳቱ በክዳንና በባልዲ አሸዋ የማይጠፋ ከሆነ ትቶ ይወጣል። ዕቃ ለማውጣት ወደ ውስጥ የሚመለስ ልጅ ትምህርቱን አልተማረም ማለት ነው። ይህ በመተዳደሪያ ደንብ እንዲጻፍ፣ ወላጅም ልጅም እንዲፈርሙበት እጠይቃለሁ። ያልሠለጠነ ልጅ እሳት ሲያይ ወይ ይደበቃል፣ ወይ ዘሎ ይገባል። ሁለቱም ያጠፉታል። ሥልጠናው የሚጠብቀው ራሱን ልጁን ነው።

እናንተ ወጣቶች፣

ይህ ሥራ ሽልማትና ጭብጨባ ያለው አይምሰላችሁ። ስኬቱ የሚታወቀው ምንም ነገር ባለመሆኑ ነው። የጎረቤት አንቡባ ከምድጃ ራቅ ብሎ ሲቀመጥ፣ አንዲት ቡና የምታፈላ እኅታችን ከሰሏን በአሸዋ አጥፍታ ወደ ቤቷ ስትሄድ፣ ሕፃናት ሻማ ሳይነኩ ሲያድሩ ሥራችሁ ተሳክቷል። ማንም ላያመሰግናችሁ ይችላል፤ ቤቱ ግን ቆሞ ያድራል። ነገም አገራችሁ ብትገቡ ወይም ወደ ሌላ አገር ብትሄዱ፣ ይህን ዕውቀት በድንበር ላይ የሚፈትሽባችሁና የሚወስድባችሁ የለም።

የተከበራችሁ ወገኖች፣

ይህ ማኅበር እስካሁን የሞተውን ቀብሯል፤ የታመመውን አሳክሟል፤ የተቸገረውን አገሩ አስገብቷል። ይህ ሁሉ አደጋ ከደረሰ በኋላ የተደረገ በጎ ሥራ ነው። ከዛሬ ጀምሮ አደጋው ከመድረሱ በፊት የሚደረገውንም እንጨምርበት። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ነውና፣ የመመዝገቢያውን ወረቀት ወደ ቤት ስትወስዱ በልጃችሁ ፊት አንብቡት፤ ተማከሩበት፤ ፈርማችሁም መልሱት።

ፈጣሪ ቤታችሁን ከእሳት፣ ልጆቻችሁን ከክፉ ነገር ሁሉ ይጠብቅ። ለሱዳንም ለኢትዮጵያም ሰላምን ያውርድ።