ጀሪካኑ ቀድሞ ምን ይዞ ነበር?

(በሠፈራችን ነዋሪዎች ማኅበር የእሑድ ስብሰባ ላይ ስለ ውሃ ዕቃ የተደረገ ንግግር)



እንደሚታወቀው ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሠፈር ጀሪካን የሌለበት ቤት የለም። እንስራን ያስረሳን ይኸው ዕቃ ነው። ባለ 20 ሊትሩ ባዶውን ቢመዝን 1 ኪሎ ግራም ገደማ ነው፤ ቢወድቅ አይሰበርም፣ አይዝግም። ስሙ የመጣው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት እንግሊዞች የጀርመኖችን የብረት ነዳጅ መያዣ «የጄሪ ጣሳ» ካሉት ወዲህ ነው፤ ጄሪ የሚሉት ጀርመኖችን ነበር። በፕላስቲኩም የጀርመን እጅ አለበት። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1953 ካርል ዚግለር የተባለ የኬሚስትሪ ሊቅ ኤቲሊን ከሚባለው ጋዝ ያለ ብዙ ግፊት ጠንካራ ፕላስቲክ የሚሠራበትን ዘዴ አገኘ። በ1963 ከጣሊያናዊው ናታ ጋር የኖቤል ሽልማት ተቀብሏል።

ይህ ፕላስቲክ ኤች.ዲ.ፒ.ኢ. ይባላል፤ ከሥሩ ባለ ሦስት ማዕዘን ምልክት ውስጥ 2 ቁጥር ይታተምበታል። ስባሪው ውሃ ላይ ይንሳፈፋል፤ የሃይላንድ ጠርሙስ ቁራጭ ግን ይሰምጣል፣ ሞክሩት። የሚቀልጠው 130 ዲግሪ አካባቢ ነው። የፈላ ውሃ ባያቀልጠውም ያለሰልሰዋል፣ ቅርፁንም ያጣምመዋል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ። ውሃና በረኪና ይህን ዕቃ አይደፍሩትም። ነጭ ጋዝ፣ ናፍጣና ቤንዚን ግን ፊቱ ላይ ብቻ አይቀሩም፤ ቀስ እያሉ ወደ ፕላስቲኩ ሥጋ ይሰርጋሉ። የፀረ ተባይ መድኃኒትም እንደዚሁ ነው። እኛ በሳሙና የምናጥበው ፊቱን ነው። አሥር ጊዜ የታጠበ የጋዝ ጀሪካን ክዳኑ ተዘግቶ ፀሐይ ላይ ሲውል እንደገና የሚሸተው ለዚህ ነው። በገበያም ሆነ ከቆራሌው አሮጌ ጀሪካን ስትገዙ ይህንኑ አድርጋችሁ አሽቱት። ከሸተተ ለውሃ አይሆንም፤ በቃ። ካልሸተተ ደግሞ ንጹሕ ነው ማለት አይደለም፤ የተባይ መድኃኒት ሽታው ጠፍቶ መርዙ ሊቀር ይችላል። ስለዚህ ምን እንደያዘ የማይታወቅ ጀሪካን ርካሽ ነው ተብሎ አይገዛ። የመድኃኒት ጀሪካን ሦስት ጊዜ ተለቅልቆ ተበስቶ ከአገልግሎት ይወጣል እንጂ ለማንም አይሰጥም፣ አይሸጥም።

«ስንት ዓመት ጠጥተንበት ምን ሆንን?» የሚል አይጠፋም። እንዲህ ያለው መርዝ ሁሉ ግን የዛሬውን ዛሬ አያሳይም፤ ከሁሉ ይልቅ የምፈራው ለሕፃናቱ ነው።

የምግብ ዘይት የነበረበት ግን ለብ ባለ ውሃና በሳሙና ደጋግሞ ከታጠበ ይሆናል። አረንጓዴውን ለማስለቀቅ ጠጠር ጨምሮ መናጥ የተለመደ ነው፤ ሸካራ ጠጠር ግን ውስጡን ይጭራል፣ ዝቃጩም ጭረቱ ውስጥ ይደበቃል። በሳሙናና በጥቂት በረኪና ነጥቆ በደንብ ማለቅለቅ ይሻላል።

ፀሐይ የዚህ ዕቃ ጠላት ነው። ጥቁሩ ሮቶ የሚችለው ካርቦን ስለተደባለቀበት ነው፤ ቢጫው ግን ይነጣል፣ ይሰነጠቃል። እንዲህ ያረጀውን፣ የመድኃኒት ካልነበረ፣ ቆርጣችሁ ጤና አዳም ትከሉበት። አታቃጥሉት፣ ጭሱ ለጎረቤት ነው።

የነጭ ጋዝ ጀሪካን ያላችሁ እጀታው ላይ ቀይ ጨርቅ እሰሩበት፤ ወደ ቦኖ የተላከ ልጅ እንዳይሳሳት።