ስለ አንድ የበረሃ ፍል ውኃና ስለ ጠላቂዎቹ

(በማኅበራችን ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር፤ ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።)



ዛሬ ልንናገርበት የመረጥነው ነገር ሲሰሙት ትንሽ ይመስላል። ይኸውም በአሜሪካ አገር፥ በኔቫዳ በረሃ ውስጥ ስላለ አንድ ጠባብ የፍል ምንጭ ኵሬና በየዓመቱ እየጠለቁ ዓሣ ስለሚቈጥሩ ሰዎች ነው። ሆኖም «መለካትና መቍጠር ለሰው ምን ይጠቅማል?» ለሚለው ጥያቄ ጥሩ መልስ የሚገኝበት ስፍራ ስለ ሆነ አቀረብነው።

ኵሬው ዴቪልስ ሆል ይባላል፤ የሰይጣን ጕድጓድ ማለት ነው። ዙሪያው ደረቅ ድንጋይ ሲሆን፥ ውኃው ከከርሰ ምድር እየመነጨ ክረምት ከበጋ 33 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ሞቆ ይኖራል። ጥልቀቱ ከ130 ሜትር ይበልጣል፤ መጨረሻውን ያየ ሰው የለም። በአፉ አጠገብ ጥቂት ሜትር ብቻ የሚሰፋ የድንጋይ ደርብ አለ። በዚህ ደርብ ላይ 2 ሳንቲ ሜትር ተኩል የሚያህል ሰማያዊ ዓሣ ይመገባል፤ ይራባል። ጆሴፍ ዌልስ የተባለ ተመራማሪ በ1930 ሲፕሪኖዶን ዲያቦሊስ ብሎ ሰየመው። ይህ ዓሣ በተፈጥሮ ከዚህ ኵሬ በቀር በዓለም ላይ ሌላ መኖሪያ የለውም።

ዣክ ኩስቶና ኤሚል ጋኛን በ1943 የውኃ ውስጥ መተንፈሻን ከሠሩ ወዲህ፥ ሰው የታመቀ አየር በጀርባው አዝሎ ወደ ጥልቅ ውኃ መውረድ ችሏል። ነገር ግን ውኃ የራሱ ሕግ አለው። በየ10 ሜትሩ ግፊቱ በአንድ ከባቢ አየር ያህል ይጨምራል፤ ስለዚህ በ30 ሜትር ላይ ጠላቂው አየሩን ከላይ ካለው ሰው 4 እጥፍ ፈጥኖ ይጨርሳል። ዋሻ ውስጥ ከገባም ከራሱ በላይ ድንጋይ ስላለ፥ ሲደነግጥ ቀጥ ብሎ መውጣት አይችልም። በ1965 ሁለት ወጣቶች ሌሊት አጥሩን አልፈው ገብተው ጠለቁ፤ አልተመለሱም፤ አስከሬናቸውም አልተገኘም። ድፍረት ብቻውን ሰውን ከውኃ አያወጣም።

ዛሬ የሚጠልቁት ፈቃድ ያላቸው ተመራማሪዎች ናቸው። በጸደይና በመከር ጊዜ አንዳንዶቹ ወደ ታች ወርደው፥ ሌሎቹ ከላይ በደርቡ ላይ ሆነው ባንድ ጊዜ ይቈጥራሉ። በ2013 ጸደይ የተገኙት 35 ብቻ ነበሩ፤ በ2024 ጸደይ 191 ደረሱ። ከዚያም የምድር መንቀጥቀጥ ውኃውን አናውጦ ምግባቸውን ከደርቡ ላይ ስለ ጠረገው፥ በ2025 መጀመሪያ ወደ 38 ወረዱ።

ፕሬዚዳንት ትሩማን በ1952 ስፍራውን የመንግሥት ጥብቅ ቦታ አድርገውት ነበር። በ1968 ግን በአቅራቢያው ያለ ትልቅ እርሻ በፓምፕ ውኃ መሳብ ሲጀምር ኵሬው ዝቅ አለ፤ ደርቡም መራቈት ያዘ። ጉዳዩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ፥ በ1976 ዳኞቹ ባንድ ድምፅ ኵሬው ለዓሣው ከሚያስፈልገው ልክ በታች እንዳይወርድ ፈረዱ።

ከመካከላችን «ለጣት ጫፍ ለምታህል ዓሣ ሲባል ገበሬ ውኃ ይከልከልን?» የሚል ቢኖር ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ያለ ውኃ እርሻ የለምና። ነገር ግን ፍርዱ ፓምፑን ልክ አበጀለት እንጂ ፈጽሞ አላገደውም። ደግሞም ፓምፑ የሚስበውና ዓሣው የሚኖርበት ውኃ አንድ ነው፤ የኵሬው ዝቅ ማለት ለገበሬውም ማስጠንቀቂያ ነው። ይህንንም ያስታወቀው የከራካሪዎች ጩኸት ሳይሆን፥ የለኪው መስፈሪያና የጠላቂው ቍጥር ነው።

እንግዲህ ጓደኞቻችን፥ ስለ ውኃም ሆነ ስለ ደን ክርክር ሲነሣ፥ ወገን ከመምረጣችን በፊት «ማን ለካው? ማን ቈጠረው?» ብለን እንጠይቅ። የለካው ከሌለም የመለካቱ ሥራ የእኛ የተማሪዎቹ ነው።