ጅብ ከሄደ እንዳንጮህ

ስለ ዱር አራዊት ጥበቃና ስለ አዳዲሶቹ መሣሪያዎች በተማሪዎች ማኅበር ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር



ዛሬ በዚህ ጉባኤ ፊት የቆምነው ስለ ዱር አራዊት ውበት ለመናገር አይደለም። ስለ ውበታቸውማ ከልጅነታችን ጀምሮ ተምረናል፤ ሥዕላቸውንም በሳንቲማችንና በቴምብራችን ላይ አይተናል። የመጣነው አንድ ጥያቄ ይዘን ነው። የዘመኑ ሥልጣኔ ያፈራቸው መሣሪያዎች፥ ማለት ሳተላይቱ፥ ሰው አልባው አውሮፕላን፥ በጨለማ የሚያየው ካሜራ፥ ዝሆንንና አውራሪስን ከሕገ ወጥ አዳኝ እጅ ሊያድኑ ይችላሉን? በዚህ ንግግር የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ ጥያቄው እንዴት እንደ ተነሣብን እንናገር። ባለፈው ዓመት ከመካከላችን አሥራ ሁለት ተማሪዎች አንድ ብሔራዊ ፓርክ ለመጐብኘት ሄደን ነበር። የምሕንድስና ተማሪዎች የሆኑት ጓደኞቻችን የጥይት ድምፅ ሲሰማ ወዲያው በሬዲዮ የሚያስታውቅ ትንሽ መሣሪያ ለመሥራት ዐስበው ንድፉን ይዘው ነበር። ማታ እሳት ዳር ተቀምጠን ለአንድ ሽማግሌ ስካውት ነገሩን በኩራት አስረዳናቸው። እርሳቸውም እስክንጨርስ ድረስ በትዕግሥት ሰሙንና፥ «ልጆቼ፥ ተኩሱንማ እኛም እንሰማዋለን። ከሰማን በኋላ በምን እንሂድ? መኪናው ነዳጅ ካጣ ወር ሆነው» አሉን። የምንመልሰው ስላልነበረን ዝም አልን። ንድፉም ተጠቅልሎ ወደ ቦርሳ ተመለሰ።

ይህን ስንል መሣሪያ ሁሉ ከንቱ ነው ማለታችን እንዳልሆነ እንድትረዱልን እንለምናለን። ብሪታንያዊው የሥነ እንስሳት ሊቅ ኢየን ዳግላስ ሀሚልተን በ1960ዎቹ በታንዛንያ፥ በማንያራ ሐይቅ አጠገብ የዝሆኖችን ኑሮ ሲያጠና፥ ዝሆን የት ውሎ የት እንደሚያድር ለማወቅ በአንገቱ ላይ ሬዲዮ ማሰር የቻለ ሰው ነው። እርሱ በ1993 ያቋቋመው ድርጅት ደግሞ ከጥቂት ዓመታት በኋላ በኬንያ ዝሆኖች አንገት ላይ ጂፒኤስ አሰረ። ዛሬ ዝሆኑ ከቦታው ሳይንቀሳቀስ ብዙ ሰዓት ከቈየ የአንገቱ ቀበቶ ለጠባቂዎቹ ምልክት ይልካል። በኬንያ በማሳይ ማራ ደግሞ ከ2016 ጀምሮ የሰውነትን ሙቀት አይቶ ሰውን ከሌሊት ጨለማ የሚለይ ካሜራ በጠባቂዎች መኪና ላይ ተተከለ፤ በመጀመሪያዎቹ ዘጠኝ ወራት ብቻ ከ20 በላይ ሕገ ወጥ አዳኞች ተያዙበት። ከዚያ በፊት ሌሊቱ የአዳኙ ነበር፤ ካሜራው ከመጣ በኋላ ግን ጠባቂውም የሌሊቱ ተካፋይ ሆነ።

ሌላም አለ። አሜሪካዊው ሳይንቲስት ሳሙኤል ዋሰርና ባልደረቦቹ በየወደቡ ከተያዘ የዝሆን ጥርስ ላይ ዲኤንኤ እየወሰዱ፥ ከየአገሩ ከተሰበሰበ የዝሆን ፋንድያ ጋራ አስተያዩት። በ2015 ባወጡት ጥናትም በብዛት ከተያዘው ጥርስ አብዛኛው ከሁለት ሥፍራዎች የተገኘ መሆኑን አሳዩ፤ አንዱ የታንዛንያ ደቡብ ምሥራቅና የሞዛምቢክ ሰሜን፥ ሁለተኛው በመካከለኛው አፍሪቃ የሚገኘው ጫካ ነው። እንዲህ ከሆነ የሞተ ዝሆን ጥርስ በፍርድ ቤት ቆሞ የሚመሰክር ሆነ ማለት ነው።

ነገር ግን ጓደኞቻችን ሆይ፥ ልብ በሉ። ይህ ጥናት በወጣበት ጊዜ የታንዛንያ ዝሆኖች ከአየር ላይ ተቈጥረው ነበር። በ2009 ወደ 109,000 ይጠጉ የነበሩት በ2014 ወደ 43,000 ወርደው ተገኙ። አውሮፕላኑ በትክክል ቈጠረ፤ ላቦራቶሪውም በትክክል ተናገረ። ሁለቱም የተናገሩት ግን ዝሆኖቹ ካለቁ በኋላ ነው። አባቶቻችን «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» የሚሉት ይህንን ነው።

ምናልባት አንዳንዶቻችሁ፥ «እንግዲያውስ መሣሪያውን ማብዛትና ማፍጠን ነው» ትሉ ይሆናል። እኛም እንደዚሁ እናስብ ነበር። ሐሳባችንን ያስለወጠን በ2025 የወጣ አንድ ጥናት ነው። በደቡብ አፍሪቃ በክሩገር ብሔራዊ ፓርክ አካባቢ በሚገኙ 11 ጥብቅ ሥፍራዎች ከ2017 እስከ 2023 ድረስ ለአውራሪስ ጥበቃ 74 ሚሊዮን ዶላር ወጣ፤ አብዛኛው ለጠባቂዎች፥ ለአነፍናፊ ውሾች፥ ለአየር ቅኝትና ለካሜራዎች የዋለ ነው። 700 ያህል አዳኞች ተያዙ። ይህ ሁሉ ሆኖ በዚያው ዘመን ወደ 2,000 የሚጠጉ አውራሪሶች ተገደሉ፤ መያዙና መከታተሉ ግድያውን ለመቀነሱም ተመራማሪዎቹ አስተማማኝ ማስረጃ አላገኙም። በአንጻሩ የአውራሪሱን ቀንድ አስቀድሞ ሳያሳምሙ በመጋዝ መቍረጥ፥ ከጠቅላላው ወጪ ከመቶ ሁለት እጅ የማይሞላ ገንዘብ ወስዶ፥ ግድያውን ከመቶ 78 ያህል ቀነሰ። ቀንዱ እንደ ጥፍር ተመልሶ ስለሚያድግ ሥራው በየጊዜው የሚደገም ነው፤ ጕቶውንም ቢሆን ፈልጎ የሚገድል አይጠፋም። ስለዚህ ይህም ፍጹም መድኃኒት አይደለም።

ካሜራው ስለምን አልበቃም? ምክንያቱ ሩቅ አይደለም። አዳኙን የሚልከው ነጋዴ ባሕር ማዶ ተቀምጦ ብዙ ገንዘብ ይከፍላል፤ የተላከው ሰው ግን ልጆቹ የተራቡበት ድኻ ነው። አንዱ ቢታሰር በእግሩ ሌላው ይተካል። ደግሞም ከውስጥ ሆኖ ካሜራው የት እንዳለ ጠባቂውም በየት እንዳለፈ በጉቦ የሚነግር ሰው ካለ፥ መሣሪያው ለሌባው መንገድ መሪ ሆነ ማለት ነው። በ2013 በህንድ አገር በፓና የነብር መጠበቂያ፥ የአንድ ነብር የአንገት ቀበቶ የሚልከውን መረጃ ለመስረቅ ወደ ተመራማሪው የኢሜይል ሣጥን ለመግባት የሞከረ ሰው ነበር። ሙከራው ሳይሳካ ቀረ፤ እኛ ግን ትምህርቱን ልንረሳው አይገባም። ነብሩ ያለበትን ሥፍራ ለጠባቂ የሚነግር መሣሪያ ለገዳይም ሊነግር ይችላል።

አሁን ደግሞ ወደ ናሚቢያ እንሻገር። በሰሜን ምዕራብ ናሚቢያ በ1980ዎቹ መጀመሪያ ዝሆንና አውራሪስ ሊጠፉ ተቃርበው ሳለ፥ የየመንደሩ አለቆች ከገዛ ሰዎቻቸው ጠባቂዎችን መረጡ፤ ከተመረጡትም ውስጥ ቀድሞ አዳኞች የነበሩ ይገኙባቸው ነበር። በ1996 የወጣው ሕግ ደግሞ የአካባቢው ሕዝብ ማኅበር አቋቁሞ ከዱር አራዊቱ በሚገኘው ጥቅም እንዲጠቀም ፈቀደ። የእነዚህ ጠባቂዎች ዋነኛ መሣሪያ ምን ይመስላችኋል? የወረቀት መዝገብ ነው። ያዩትን ፈለግ፥ ያገኙትን ሬሳ፥ አውሬ የገደለውን ከብት በዚያ ይጽፋሉ፤ መዝገቡም በማኅበረሰቡ እጅ ይቀራል። ያ ወረቀት ከብዙ ካሜራ የበለጠ የሠራው አራዊቱ የእኔ ናቸው የሚል ሰው ስለ ያዘው ነው።

አገራችንም ከዚህ ነገር ውጭ አይደለችም። በ2015 መጋቢት ወር በአዲስ አበባ ከ6 ቶን በላይ የዝሆን ጥርስ በአደባባይ ተቃጠለ። በ1970 የተቋቋመው የባቢሌ የዝሆኖች መጠለያ ዛሬ የሚጠብቃቸው ዝሆኖች በጥቂት መቶ የሚቈጠሩ ናቸው። ለጥቂት መቶ ዝሆን ዘግይቶ የሚደርስ ወሬ ምን ይጠቅማል?

ስለዚህ ለማኅበራችን ሦስት ነገር እናሳስባለን። አንደኛ፥ ለዱር አራዊት ጥበቃ መሣሪያ ለመሥራት የሚነሣ ተማሪ ሁሉ ንድፉን ከመንደፉ በፊት ስካውቱን ይጠይቅ። ሁለተኛ፥ ወሬው ከመሣሪያው ተነሥቶ በማን ጆሮ፥ በየትኛው መንገድ፥ በምን ነዳጅ፥ እስከ የትኛው ፍርድ ቤት እንደሚደርስ ተከትሎ ይመርምር። ሦስተኛ፥ ሥራው የምሕንድስና ተማሪዎች ብቻ አይሁን። የሕግ ተማሪ ስለ ጉቦውና ስለ ፍርዱ፥ የምጣኔ ሀብት ተማሪ ስለ ገበሬውና ስለ አርብቶ አደሩ ኑሮ የሚለው አለውና አብሮ ይምጣ።

የጓደኞቻችን ንድፍ የት ደረሰ ብላችሁ ትጠይቁን ይሆናል። በማግሥቱ ጠዋት ሽማግሌውን፥ «እንግዲያው፥ አባባ፥ ምን ይጐድላችኋል?» ብለን ጠየቅናቸው። ከጐጆአቸው ገብተው ሁለት የእጅ ሬዲዮ አወጡ፤ ሁለቱም ባትሪያቸውን የሚሞላ ኤሌክትሪክ አጥተው ዝም ካሉ ሰንብተዋል። አሁን ጓደኞቻችን የሚሠሩት በፀሐይ ኃይል ባትሪ የሚሞላ ሣጥን ነው። ነገሩ ትንሽ ነው፤ በጋዜጣም የሚያስጠራ አይደለም። በሚመጣው ዕረፍት ይዘንላቸው እንሄዳለን፤ ከእናንተም ውስጥ አብሮን ሊመጣ የሚወድ ቢኖር ስሙን ለማኅበሩ ጸሐፊ ይስጥ።