የመንግስት ስብሰባ በር የሚዘጋው መቼ ነው?

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም። ምስጋና ሁሉ ለአላህ የተገባ ነው። ሰላትና ሰላም በነብያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።

ውድ አባቶችና እናቶች፣ ወንድሞችና እህቶች! 

ዛሬ የምናነሳው ጥያቄ አንድ ነው። በእኛ ጉዳይ ላይ የሚመክር የመንግስት አካል በሩን ሊዘጋብን የሚችለው መቼ ነው? «ስብሰባው ዝግ ነው» የሚለው ቃል ሲነገረን ሁለት ዓይነት ሰዎች እንሆናለን። አንዳንዱ አንገቱን ደፍቶ ይመለሳል፤ ሌላው ደግሞ በር የተዘጋ ሁሉ ሴራ ነው ብሎ ይነሳል። ሁለቱም ልክ አይደሉም። መለኪያው በዲናችንም በሀገሪቱ ህግም ተቀምጦልናል።

በዲናችን እንጀምር። ሶስት ሰዎች አብረው ሳሉ ሁለቱ ሶስተኛውን ትተው እንዳያንሾካሹኩ ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) ከልክለዋል። ምክንያቱንም ነግረውናል፦ ሰውየውን ያሳዝነዋል። ልብ እንበል፤ የተወራው መጥፎ ነው አልተባለም። መገለሉ ብቻውን ይጎዳል። ቁርኣንም በሱረቱ አን-ኒሳእ 114ኛው አንቀጽ ስለ ሚስጥር ንግግር፣ ስለ ነጅዋ፣ ሲያስተምረን መልካም የሚገኝባቸውን ለይቶ አስቀምጧል፦ ሶደቃ፣ በጎ ስራና ሰዎችን ማስታረቅ። ስለዚህ መሰረቱ ግልጽነት ነው፤ ሚስጥር ምክንያት ሲኖረው የሚፈቀድ ነው።

ሲራውም ይህንኑ ያሳየናል። ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) ከኡሁድ በፊት ከመዲና እንውጣ ወይስ እንቆይ ብለው ሰሓቦችን በግልጽ አማክረዋል፤ ወጣቶቹ በብዛት መውጣትን መረጡ፣ ወጡም። በ8ኛው ዓመተ ሂጅራ ወደ መካ ሲጓዙ ግን መዳረሻውን ደብቀዋል። ምክንያቱ ይታወቃል፦ ቁረይሾች ጦር አሰልፈው ደም እንዳይፋሰስ ነው። ጉዞው ሲያበቃ ደግሞ ሚስጥሩ አብሮ አበቃ። ከዚህ ሁለት ነገር እንይዛለን፤ መደበቅ ምክንያት አለው፣ ማብቂያም አለው።

አሁን ወደ ሀገሪቱ ህግ እንምጣ። የኢፌዴሪ ህገ መንግስት አንቀጽ 12 የመንግስት አሰራር ለህዝብ ግልጽ እንዲሆን ያዛል። ግልጽነት ባለስልጣን ሲፈልግ የሚሰጠን ችሮታ አይደለም ማለት ነው። አንቀጽ 43 ደግሞ ህዝብ አካባቢውን በሚነኩ ፖሊሲዎችና ፕሮጀክቶች ላይ ሀሳቡ እንዲጠየቅ መብት ሰጥቶታል። ሳይሰማ የሚጠየቅ ሰው ደግሞ የለም።

ታዲያ መዝጋት የሚቻለው መቼ ነው? በአንቀጽ 58 መሰረት የህዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ስብሰባ ለህዝብ ክፍት ነው። በዝግ የሚካሄደው አባላቱ ወይም የፌዴራሉ አስፈጻሚ አካል ሲጠይቁና ከግማሽ በላይ የሆኑት አባላት ሲደግፉት ነው። የሀገሪቱ ትልቁ ምክር ቤት እንኳ በሩን ያለ ድምጽ አይዘጋም! ፍርድ ቤትን በተመለከተ አንቀጽ 20 ችሎት ለህዝብ ግልጽ እንዲሆን ይደነግጋል። በዝግ የሚታይባቸውን ምክንያቶችም ሶስት ብቻ ያደርጋቸዋል፦ የተከራካሪዎችን የግል ህይወት፣ የህዝብን ሞራልና የሀገርን ደህንነት መጠበቅ።

የመረጃ ነጻነትን የሚደነግገው አዋጅ ቁጥር 590/2000 ማንኛውም ሰው ከመንግስት መስሪያ ቤት መረጃ እንዲጠይቅ ይፈቅዳል። መከላከያና ደህንነትን፣ የግለሰቦችን ገመና፣ የንግድ ሚስጥርንና የካቢኔ ሰነዶችን ግን ይጠብቃል። እነዚህን አንቃወምም። የታማሚ ጎረቤታችን የህክምና ጉዳይ በአደባባይ እንዲነበብ የሚፈልግ ከመካከላችን የለም። የምንቃወመው «ደህንነት» የሚለው ቃል ማብራሪያ ሳይኖረው ለሁሉም በር ቁልፍ ሲሆን ነው።

በ2005 የተወካዮቻችን የክስ ሂደት ለህዝብና ለጋዜጠኞች ዝግ ሲሆን የተሰማንን ሁላችንም እናውቀዋለን። ጉዳዩ የእነሱ ብቻ አልነበረም። ምስክሩ ምን አለ? ጠበቃው ምን መለሰ? ዳኛው በምን ወሰኑ? ህዝብ ይህን ካላየ ፍርዱን እንዴት ይመነው? ፍርዱ ትክክል ቢሆን እንኳ መዘጋቱ ጥርጣሬን ይተክልበታል። በር ሲዘጋ ወሬ ይበዛል፤ ወሬ ሲበዛ ፊትና ይከተላል። ግልጽነት የሚጠቅመው እኛን ብቻ አይደለም፤ ፈራጁንም ከሀሜት ይጠብቃል።

ስለዚህ ወንድሞችና እህቶች! ከወረዳም ይሁን ከሌላ መስሪያ ቤት «ዝግ ነው» ስንባል በትህትና ሶስት ጥያቄ እንጠይቅ። በየትኛው ምክንያት ተዘጋ? እንዲዘጋ የወሰነው ማን ነው? ውሳኔው መቼና በምን መንገድ ይነገረናል? መልሱን በጽሁፍ እንጠይቅ፣ ቀኑን እንመዝግብ። የመረጃ ጥያቄያችን መልስ ካጣ ወደ መስሪያ ቤቱ ኃላፊ፣ ከዚያም ወደ ህዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም አቤት እንበል። ድንጋይ አንወረውርም፣ ማንንም አንሳደብም። ወረቀትና ሶብር ይበቁናል።

ይህ መለኪያ ለእኛም ነው። የመስጂድ ኮሚቴ የጀመዓውን ገንዘብ በአማና ይዟል። የተቸገረ ሰው ስም ይሸፈን፣ የባልና ሚስት እርቅ በር ተዘግቶ ይካሄድ፤ ገቢና ወጪው ግን በጀመዓው ፊት ይነበብ። ከሌላው የምንጠይቀውን ሐቅ በቤታችን ስንፈጽመው ቃላችን ክብደት ያገኛል።

አላህ ሐቅን ሐቅ አድርጎ ያሳየን፣ እንድንከተለውም ይርዳን። የታሰሩትን ያስፈታልን፣ የተዘጋውን በር በሰላም ይክፈትልን። አሚን!

ወሰላሙ ዐለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ።